ሳይጋገር የሚሠራው የእንጆሪ በክሬም ጣፋጭ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንጆሪ፣ የተመታ ክሬምና ብስኩት። ይኸው ነው። ኦቭን አያስፈልግም፣ ሊጥ ማቡካት የለም። ለዚህም ነው ብዙ ሰው «ይሄ ደግሞ ምኑ ይበላሻል?» ብሎ ሳይጠነቀቅ የሚጀምረው። ከሰዓታት በኋላ ፍሪጁን ሲከፍት ግን ክሬሙ ወርዷል፣ ከሥሩ ቀይ ውሃ አቁሯል፣ ብስኩቱም ገንፎ ሆኗል።

እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። የማይጋገር ጣፋጭ ከሚጋገረው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚጋገር ነገር ላይ እሳቱ ያግዛችኋል፤ ትርፍ ውሃ ይተናል፣ ዱቄቱና እንቁላሉ ይጠነክራሉ። እዚህ ግን አንዴ የገባ ውሃ የትም አይሄድም፣ ቅርጹን የሚይዘውም ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሌ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው ከየት እየገባ ነው? ሙቀቱስ ከየት?

ልኬቱን ላስቀምጥና ወደ ስህተቶቹ እንግባ። ከ6 እስከ 8 ሰው ለሚሆን፦ 500 ግራም እንጆሪ፣ 500 ሚሊ ሊትር የሚመታ ክሬም፣ 4 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ 200 ግራም አካባቢ ደረቅ ብስኩት።

ማንኛውንም ክሬም መግዛት

ከሁሉም በፊት የካርቶኑን ጀርባ አንብቡ። የስብ መጠኑ ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት፣ 35 ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ለምግብ ማብሰያ ወይም ለቡና ተብሎ የሚሸጠው ክሬም ብዙውን ጊዜ ስቡ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። እሱን ግማሽ ሰዓት ብትመቱት አረፋ ከመሥራት አያልፍም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ክሬም ሲመታ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች እርስ በርስ ይያያዙና በአየሩ አረፋ ዙሪያ ግድግዳ ይሠራሉ፣ ስቡ ካነሰ ግድግዳው የሚሠራበት ነገር የለም። ችግሩ የእጃችሁ ወይም የማሽናችሁ አይደለም።

ከአትክልት ዘይት የሚሠራው የሚመታ ክሬምም ይሆናል፣ እንዲያውም ቅርጹን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ግን አብዛኛው ከፋብሪካው ጣፍጦ ነው የሚመጣው። ስኳር ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት።

ክሬሙን ሳይቀዘቅዝ መምታት

ያ የስብ ግድግዳ የሚቆመው ስቡ ቀዝቅዞ ጠጠር ሲል ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ አየሩም ያመልጣል። ስለዚህ ክሬሙ ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት፣ ቢያንስ ግን ጥቂት ሰዓታት ይቆይ። ከፍሪጅ ውጭ የሚቀመጠው ረጅም ጊዜ የሚቆይ የካርቶን ክሬምም ቢሆን ከመመታቱ በፊት ማደር አለበት። ጎድጓዳ ሳህኑንና የሚክሰሩን መምቻ ደግሞ ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ፤ የብረት ሳህን ካላችሁ ከፕላስቲክ ይሻላል፣ ቅዝቃዜውን ቶሎ ይቀበላል። ኩሽናችሁ ሞቃት ከሆነ ሳህኑን በረዶና ውሃ ባለበት ሌላ ሰፊ ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ ምቱ።

ቸኩላችሁ ክሬሙን ራሱን ፍሪዘር ውስጥ አትርሱት። በረዶ የሠራ ክሬም ሲቀልጥ ስቡና ውሃው ስለሚለያዩ በደንብ አይመታም።

ማቆሚያውን አለማወቅ

ብዙ ክሬም የሚበላሽበት ቦታ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ ክሬሙ አረፋ ይሠራል። ቀጥሎ ይወፍርና መምቻው ያለፈበት መስመር ሳይጠፋ መታየት ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ መምቻውን ስታነሱት ጫፍ ይሠራል፣ ግን ጫፉ ወደ ጎን ይታጠፋል። ለዚህ ጣፋጭ የምንፈልገው ከዚህ አንድ እርምጃ ብቻ ያለፈውን ነው፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ላዩ ግን አሁንም ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። ማብረቅረቁ ጠፍቶ ሸካራ መምሰል ከጀመረ አልፋችሁታል፣ ከዚያ በላይ ከቀጠላችሁ ደግሞ ቅቤና ውሃ ሆኖ ይለያያል።

ከታጠፈው ጫፍ ወደ ቅቤ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በተለይ በኤሌክትሪክ ሚክሰር ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ዞር ብላችሁ ስልክ እስክታነሱ ድረስ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በመካከለኛ ፍጥነት ምቱ፣ መጨረሻ አካባቢ ማሽኑን አጥፉና በእጅ መምቻ ጨርሱት። እንዲያውም ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታቆሙ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ክሬሙን ስታነባብሩትና በማንኪያ ስትዘረጉት መመታቱ አይቀርም፣ ትንሽ ይጠነክራል።

ሸካራ ከሆነ አትጣሉት። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያልተመታ ቀዝቃዛ ክሬም ጨምሩና በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጣችሁ አዋህዱት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ውሃው ተለይቶ ከወጣ ግን መመለሻ የለውም። በደንብ መትታችሁ ቅቤ አድርጉትና ለዳቦ ተጠቀሙበት፣ ለጣፋጩ ሌላ ክሬም ክፈቱ።

ስለ ስኳሩ ባጭሩ

ተራው ስኳር በቀዝቃዛ ክሬም ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፣ ጥርስ ላይ ይንኳኳል። የዱቄት ስኳር ይሻላል፤ አብዛኛው ትንሽ ስታርች ስለተቀላቀለበት ክሬሙ እንዳይላላ ያግዛል። ክሬሙ መወፈር ሲጀምር ጨምሩት፣ ቫኒላውንም አብራችሁ። ቁንጥር ጨው ብትጨምሩበት ጣዕሙ ከፍ ይላል።

እንጆሪን ቆርጦ ማጠብ፣ ወይም ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ

እንጆሪ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። አረንጓዴ ቆቡን ነቅላችሁ ወይም ቆራርጣችሁ ካጠባችሁት በክፍቱ በኩል ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ በኋላ ክሬማችሁ ላይ ይተፋዋል። ከነቆቡ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ እጠቡት፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ ደረቅ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ነው ቆቡ የሚነሳው። ከቀናት በፊት አጥቦ ማስቀመጥም አይሆንም፤ እርጥበቱ ሻጋታ ይጠራል።

«ይበስላል» ብሎ ጥሬ መግዛት

እንጆሪ ከተቀጠፈ በኋላ አይበስልም። ቀለሙ ትንሽ ሊጠቁር ይችላል እንጂ ጣፋጭነቱ ያው የተቀጠፈበት ነው። ትከሻው ነጭ የሆነውን ተዉት። አሽትቱት፤ ሽታ የሌለው እንጆሪ ጣዕምም የለውም። ጥሩ ካጣችሁ ግን ትንሽ ስኳርና ጥቂት የሎሚ ጠብታ ብዙ ያስተካክላሉ። ይሄ ደግሞ ወደሚቀጥለው ያደርሰናል።

ጭማቂውን ሳያጠልሉ መቀላቀል

እኔን ቢጠይቁኝ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የተቆረጠ እንጆሪ ላይ ስኳር ስትነሰንሱ ስኳሩ ውሃውን ከውስጥ ይስበዋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሳህኑ ሥር የሚያምር ቀይ ጭማቂ ይጠራቀማል። ይሄ ጥሩ ነገር ነው! እንጆሪው ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም ይጎላል። ችግሩ የሚመጣው ይህን ጭማቂ ከነእንጆሪው ክሬሙ ላይ ስትገለብጡት ነው፣ ወይም ደግሞ ስኳሩን ነስንሳችሁ ወዲያው ስታነባብሩት፤ ያኔ ጭማቂው ክሬሙ ውስጥ ሆኖ መውጣቱን ይቀጥላል፣ ክሬሙም ቀስ በቀስ ይሟሽሻል።

መፍትሔው ወንፊት ነው። ስኳር የነካው እንጆሪ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ከዚያ አጥልሉት፣ እንጆሪውን ብቻ አነባብሩት። ጭማቂውን አደራ አትድፉት! ብስኩቱን ማርጠቢያ ይሆናል፣ ወይም ሲቀርብ ከላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል።

ክሬሙን ሮዝ ለማድረግ የተፈጨ እንጆሪ የሚቀላቅሉም አሉ። ያው ውሃ ነው። ከቻላችሁ በፋብሪካ የደረቀውን እንጆሪ ፈጭታችሁ ዱቄቱን ጨምሩ፤ ቀለምና ጣዕም ይሰጣል፣ ውሃ ግን አያመጣም።

የበረዶ እንጆሪስ? ይቻላል፣ ግን ቦታውን እወቁለት። በረዶው የፍሬውን ሥጋ ከውስጥ ስለሚቀዳድደው ሲቀልጥ ልፍስፍስ ይላል። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ አቅልጡት፣ ፈጭታችሁም ለሶስ ተጠቀሙበት። ለመሃሉና ለላዩ ማስጌጫ ትኩሱ ነው የሚያምረው።

ብስኩቱን ማስጠም

ብስኩት ጭማቂ ወይም ወተት ውስጥ ነከር አድርጎ ወዲያው ማውጣት ነው። «አንድ» ብሎ መቁጠር ይበቃል። እንዲያውም ጣፋጩ የሚያድር ከሆነ ስስ ብስኩትን ጭራሽ ባትነክሩት ይሻላል፤ ከክሬሙና ከእንጆሪው የሚያገኘው እርጥበት ሌሊቱን እንደ ኬክ ያለሰልሰዋል። ብስኩቱ እንዲንኮሻኮሽ የምትወዱ ደግሞ ማሳደሩን ተዉት፣ በብርጭቆ አነባብሩና ወዲያው ብሉት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም።

የተፈጨ ብስኩት በቅቤ ለውሳችሁ ከሥር የምትጠቀጥቁ ከሆነ፣ ለ200 ግራም ብስኩት 100 ግራም የቀለጠ ቅቤ ይበቃል። በብርጭቆ ቂጥ ጠቅጥቁትና ክሬሙ ከመግባቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይቆይ። ትኩስ ሆኖ ክሬም ካረፈበት የስቡን ግድግዳ አፈረሳችሁት ማለት ነው።

ፍሪዘር ያፋጥንልኛል ማለት

ቢያንስ 4 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ። ቢያድር ይመረጣል። ይህ ጊዜ የሚቀንስ አይደለም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ንጣፍ እርስ በርስ የሚያያዘው ያኔ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ስትከቱት ዳር ዳሩ በረዶ ይሠራል፣ መሃሉ እንደላላ ይቀራል፣ እንጆሪው ደግሞ ሲቀልጥ ውሃውን ይለቃል። እንደ አይስክሬም ከነበረዶው መብላት ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ነው፣ እሱም ይጣፍጣል።

ፍሪጅ ሲገባ በደንብ ሸፍኑት። ክሬም ሽታ ይስባል፤ አጠገቡ የተቆረጠ ሽንኩርት ካለ ነገ የምትበሉት የሽንኩርት ጣፋጭ ነው።

ቀጥ ብሎ በቢላ እንዲቆረጥ ለምትፈልጉ

ክሬም ብቻውን እስከዚህ አይጠነክርም፣ ጄላቲን ያስፈልገዋል። ለ500 ሚሊ ሊትር ክሬም 2 የሻይ ማንኪያ የዱቄት ጄላቲን በ3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነስንሱና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በቀስታ አሙቁት፣ አታፍሉት፤ ከፈላ ኃይሉን ያጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ትኩሱን ክሬሙ ላይ ማፍሰስ ነው፣ ክሬሙ ይቀልጣል። ሌላው ደግሞ በጣም እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው፣ ያኔ ክር ክር ሆኖ ይረጋል። ጣት ሲነካው ለብ ያለ፣ ግን አሁንም የሚፈስ ሲሆን ሚክሰሩ እየሠራ በቀጭኑ አፍስሱት።

ከእንጆሪው ጋር ሌላ ፍራፍሬ ስትቀላቅሉ ግን ተጠንቀቁ። ጥሬ አናናስ፣ ኪዊና ፓፓያ ጄላቲንን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አላቸው፣ አይረጋላችሁም። እንጆሪ ይሄ ችግር የለበትም።

ላዩን ቀድሞ ማስጌጥ

ከላይ የሚቀመጠው እንጆሪ ሊቀርብ ሲል ነው የሚቆረጠው። ያደረ ከሆነ ክሬሙ ላይ ቀይ ቀለም ያፈሳል፣ ራሱም ይጨማደዳል። ስትቆርጡ ቢላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላም ድገሙት፤ ጎኑ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ የወተት ነገር ነው። ሙቀት ካለ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የተረፈውን ሸፍናችሁ መልሱትና በ2 ቀን ውስጥ ጨርሱት።