ከ24 ቮልት መኪና ላይ 12 ቮልት ሲወሰድ፦ ችግርና መፍትሄ

ከጎንደር መተማ የሚመላለስ ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይይዛል፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ታስሮ 24 ይሞላል። ቴፑና የስልክ ቻርጀሩ ግን 12 ይፈልጋሉ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምልክቱ፦ አንዱ ባትሪ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል፣ ሲነኩትም ይግላል። ሌላው ጠዋት ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ማዞር ያቅተዋል። የተገዙት ግን በአንድ ቀን ነው።

ምክንያቱ፦ የቴፑ ፖዘቲቭ ሁለቱን ባትሪዎች ከሚያገናኘው ኬብል ላይ ተወስዷል። ስለዚህ ሸክሙ ያረፈው ከቦዲ (ከመኪናው ብረት) ጋር በታሰረው ባትሪ ላይ ብቻ ነው። ባትሪዎቹን የሚሞላው ዲናሞ የሚቆጣጠረው ድምሩን እንጂ እያንዳንዱን አይደለም። 28.2 ቮልት ሲሰጥ ለየባትሪው 14.1 ይደርስ ነበር፤ የደከመው 13.4 ላይ ከቀረ ሌላው 14.8 ይወስዳል። አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይፈላል። የመተማ ሙቀት የሚፈላውን ያደርቀዋል፤ የጎንደር ብርድ የተራበውን ያጋልጠዋል።

ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነስተው ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ይለኩ። የግማሽ ቮልት ልዩነት ካለ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ከመሃሉ ኬብል ላይ የተወሰደ ሽቦ እንዳለ ይመልከቱ።

መፍትሄው፦ ከመሃሉ ኬብል ላይ የተወሰደውን የቴፑን ሽቦ ይንቀሉና ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይግጠሙ። መግቢያው ከ24ቱ ፖዘቲቭና ከቦዲ ይሁን፤ 10 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይግባ። ዕቃዎቹ በድምሩ 8 አምፔር የሚወስዱ ከሆነ ባለ 15 አምፔሩን ኮንቨርተር ይምረጡ፤ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ ለአፍታ የሚችለው እንጂ ሲሠራ የሚውልበት አይደለም። በሬዚስተር ማውረድ አያዋጣም፤ ቴፑ ጥቂት ሲወስድ ቮልቱ ወደ 24 ይጠጋና ያቃጥለዋል።

ከዚያ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ በ12 ቮልት ቻርጀር ይሙሉ። አድረው 12.6 አካባቢ ከቆዩ ደህና ናቸው። አንዱ ወደ 12.2 ከወረደ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ይቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ ማጣመር ያንኑ ችግር ይመልሳል።

ትርፍ መብራት ሲደበዝዝስ? 120 ዋት በ12 ቮልት 10 አምፔር፣ በ24 ግን 5 አምፔር ነው የሚወስደው። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሆኖ ሄዶ ሲመለስ 12 ሜትር ከሆነ በ12 ቮልት 1.4፣ በ24 ደግሞ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለመብራት በቀጥታ ባለ 24ቱን ይግዙ፤ በኮንቨርተር አያሳልፉ። 12 ቮልት ብቻ ላለው ባጃጅ ግን ምርጫው ሽቦውን ማወፈር ነው፤ በዚያው ርቀት 4 ካሬ ሚሊሜትር ብክነቱን ወደ ግማሽ ቮልት ያወርደዋል።

አምፖልና ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ሲቀይሩ የተጻፈባቸውን ቮልት ያንብቡ። የ24 ሪሌ በባጃጅ ላይ አይስብም፤ የ12ቱ በአይሱዙ ላይ ግሎ ይቃጠላል።