የህንጻ መሳሪያ ሱቅ ስትከፍቱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ መንገድ ላይ፣ አምስት የህንጻ መሳሪያ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረናል። ከእኔ ዘንድ ሲፎን ያጣ ሰው አምስት እርምጃ ተራምዶ ጎረቤቴ ጋ ይገባል። ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሲሚንቶ። በመጀመሪያው ክረምቴ ባዶ ወለል ላይ ደረደርኩት፣ ግድግዳውንም አስነካሁት። ጳጉሜን ላይ ወደ ታችኛው ረድፍ ስደርስ ከረጢቱን በጣቴ ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ድንጋይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ርብራብ አነጥፋለሁ፣ ከግድግዳ አርቃለሁ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሜ እሸጣለሁ።

ፌሮ ሳትመዝኑ አትረከቡ። የባለ 12 ፌሮ (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነው) አንዱ ዘንግ፣ ማለትም 12 ሜትር ርዝመቱ፣ 10.6 ኪሎ ግድም ነው። የባለ 10 ደግሞ 7.4 ኪሎ። በጣም ከቀለለ ቀጥኗል ማለት ነው። ግንበኛ በእጁ አንስቶ ይለየዋል፣ የሚረግመውም ፋብሪካውን ሳይሆን እናንተን ነው። የቆርቆሮ ጌጅም፣ ማለትም የውፍረቱ ቁጥር፣ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 32 ከ28 ይሳሳል።

ለፎርማን ዱቤ? ባለቤቱ ካልፈረመ ይቅርባችሁ። ፎርማን ሳይት ይቀይራል፣ ስልክም ይቀይራል።

ትልቁ ስህተት ግን ለየብቻ መርካቶ መውረድ ነው። አምስት ሱቅ፣ አምስት አይሱዙ፣ አምስት ጊዜ ጫኝና አውራጅ። ሁለት ካርቶን ማጠፊያ ለሚገዛ ሰው ጅምላ ሻጩ ዋጋ አይሰብርም። ተመልሰን ደግሞ እርስ በርስ አንዳንድ ብር እየቀነስን ደንበኛ እንሻማለን። ትርፋችን ግን መርካቶ ቀርቷል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ነገር አስቀድመው ነቅተውበታል። ሆም ዲፖ የሚባለው ትልቅ የህንጻ መሳሪያ ሻጭ አንድ ኩባንያ ነው፤ ሱቁ ሁሉ የራሱ ነው። ኤስ ሃርድዌር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ቺካጎ ውስጥ ጥቂት ባለሱቆች አብረው ለመግዛት ጀመሩት፣ ኋላም ጅምላ ሻጩ የባለሱቆቹ ንብረት ሆነ። እያንዳንዱ ሱቁን በራሱ ያስተዳድራል። ጅምላው ያተረፈው ደግሞ በገዙት ልክ ለባለሱቆቹ ይመለሳል።

ይህን ሳወራ «እቁብ አለን አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አለን፣ እኔም ሁለት እጥላለሁ። እቁብ ግን ብሩን በተራ ያደርሳል እንጂ የሚስማሩን ዋጋ አይቀንስም። ብሩ ደርሷችሁም ብቻችሁን ከወረዳችሁ ያው ናችሁ።

አብራችሁ ከጀመራችሁ በኋላም ባለቤትነቱን በቀላሉ አትልቀቁ። ትሩ ቫሊዩ የሚባለው ሌላ የአሜሪካ ጅምላ ሻጭም እንደ ኤስ የባለሱቆች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከድርሻው 70 በመቶውን ለአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጡ። እ.ኤ.አ. በ2024 ትሩ ቫሊዩ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ለተፎካካሪው ለዱ ኢት ቤስት ተሸጠ። ዱ ኢት ቤስት እስካሁንም የባለሱቆች ኅብረት ነው። ለውድቀቱ ሽያጩ ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፤ ግን በመጨረሻው ሰዓት ባለሱቆቹ የሚወስኑበት ድርጅት አልነበረም።

ባለፈው ማክሰኞ እኔና ጎረቤቴ አንድ አይሱዙ ተካፍለን ሚስማርና ጥቁር ሽቦ አስጫንን። ሲሚንቶው ላይ ገና አልተስማማንም። የማን መጋዘን ይደር የሚለው ነው ያጣላን። ርብራብ ያለው የኔ ነው እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ያንተ ጣራ ያፈሳል ይላል።