«አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ዴስክቶፕ ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተሩ አንጎል፣ «አይ ሰቨን ነው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ግን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የወል ስም ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን የሞዴል ቁጥር ጠይቁት።

እኔ አልጠየቅኩም። ቤት ወስጄ ሳየው አይ7-2600 ሆኖ አገኘሁት፣ የ2011 ዕቃ። የጎረቤቴ ደግሞ አይ3-10100 ነው፣ የ2020። ከቁጥሩ መነሻ እንደሚታየው የኔ 2ኛ ትውልድ፣ የሷ 10ኛ። ሁለቱም 4 ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) እና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አላቸው። በስም የኔ ይበልጣል፣ በሥራ ግን የሷ ጥሎት ይሄዳል። የኔ 95 ዋት፣ የሷ 65 ዋት ነው። ዊንዶውስ 11ም የኔን በይፋ አይቀበልም።

ስለዚህ ፍላሽ ላይ ሰቨን ዚፕ (7-Zip) የሚባለውን ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ። ነጻ ነው፣ ትንሽዬ ፋይል ናት። ከፍታችሁ «ቱልስ» ከሚለው ሥር «ቤንችማርክ»ን ተጫኑ፤ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይፈትናል። በምታወዳድሯቸው ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ያው ቅጂ፣ ያው ሴቲንግ ይሁን። ከፍ ያለ ድምር ያመጣው ይሻላል። ፈተናው ሚሞሪ ላይ ስለሚሠራ፣ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ) ተገጥሞለት ፈጣን የሚመስል አሮጌ ማሽን አያታልላችሁም።

ደግሞ ቶሎ አታቁሙት። 10 ደቂቃ ይሥራ፣ ቢቻል በቀትር። የሚያዝያ ሙቀት ጣና ዳር ጥላ ሥር ለተቀመጠም አይቻልም፣ አቧራ የጠጣ ፋን ላለው ማሽንማ ተዉት! ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ፕሮሰሰሩ ሲግል ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው ማለት ነው።

የኔን ስፈታው ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ተርማል ፔስት) እንደ ኖራ ደርቆ ነበር። ቀየርኩት፣ ትንሽ ተሻለው።