ራስ የሚያሳክከው ሁሉ ፎረፎር አይደለም

መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው «ራሴን ያሳክከኛል፤ የሚቀባ ነገር ስጡኝ» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በደሴም በኮምቦልቻም ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ሞክሮ ነው የሚመጣው፦ ለጋ ቅቤ፣ ካልሆነም ከጎረቤት የተገኘ፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል የስቴሮይድ ቅባት። ሁለቱም ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሣሉ። ክፋቱ፣ ቅቤው ፎረፎርን ይመግባል፤ የስቴሮይድ ቅባቱ ደግሞ ቆረቆርን ደብቆ ያስፋፋል። የራስ ቆዳን ከሚያሳክኩት ነገሮች መካከል በብዛት የሚታዩትም እነዚሁ ፎረፎርና ቆረቆር ናቸው።

ስለዚህ ከቅባቱ በፊት ማየት ይቀድማል። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው ፀጉርዎን እየከፈለ ይመልከትልዎ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቅርፊቱ ባለበት ቦታ ፀጉሩ አለ ወይስ ተሰብሯል የሚለው ነው። ቀጥሎ ሌላ የቤተሰብ አባል ያሳክከው እንደሆነ፣ በመጨረሻም በቅርቡ ቀለም፣ ሂና ወይም የፀጉር ማለስለሻ ተነክቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ነጭ ወይም ቢጫ ቅርፊት አለ፣ ፀጉሩ ግን አልተነካም

ቅርፊቱ ትከሻ ላይ ይራገፋል፣ ሲነኩት ቅባታም ነው፤ በቅንድብ፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ እና ከጆሮ ጀርባም ይታያል። ይህ ፎረፎር ወይም የበረታው ወንድሙ ሴቦሪክ ደርማታይተስ ነው። ማላሴዚያ የሚባል፣ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ ከቆዳ ቅባት ላይ ይመገባል፤ በዚያ ሂደት የሚወጣው ነገር የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የንጽሕና ጉድለት ምልክትም አይደለም።

በብርድና በደረቅ ወራት ይብሳል። ጥቅምት ገብቶ ከጦሳ በኩል የሚወርደው ብርድ ሲጠና የደሴ ሰው ራሱን መታጠብ ይቀንሳል፣ በሻሽና በኮፍያም ይሸፍናል፤ ቅርፊቱም ይከማቻል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሠራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያልበዋል፤ ላቡ ቆዳውን እንደገና ያሳክከዋል። ሁለቱም ውሃውን ይወቅሳሉ፤ ውሃው ግን ከደሙ ነፃ ነው።

መፍትሄው 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፑ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እስከ 4 ሳምንት ይጠቀሙበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ሻምፑው አረፋ እንዳወጣ ይታጠባል። መድኃኒት ስለሆነ ግን ቆዳው ላይ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። የሚታሸውም ፀጉሩ ሳይሆን ቆዳው ነው። ፀጉራቸው ቶሎ የሚደርቅ ወይም ሹሩባ የተሠሩ ሰዎች በየመስመሩ መካከል ቆዳው ላይ ብቻ ጠብ እያደረጉ በጣት ጫፍ ማሸት፣ ፀጉሩን በለመዱት ኮንዲሽነር ማጠብ ይችላሉ። ኬቶኮናዞል ከጠፋ ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለው ሻምፑ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ በቀለም የተቀባ ወይም የሸበተ ፀጉርን ግን መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ከተሻለ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ መታጠብ እንዳይመለስ ይረዳል። ማላሴዚያ ጨርሶ ከቆዳ ስለማይጠፋ «ድኖ ተመለሰብኝ» ማለት መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም።

ቅቤውስ? ወሎ ውስጥ ቅቤ አትቀቡ ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ቢያንስ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ይተዉት፤ የወይራና የኮኮናት ዘይትም እንዲሁ። ፀጉር ካልተቀባ የማይሆንላቸው ሰዎች ፈንገሱ የማይመገበውን ቫዝሊን በትንሹ፣ ከቆዳው አርቀው ፀጉሩ ላይ ይቀቡ። ሎሚ መጭመቅ ግን በተላጠ ቆዳ ላይ ከማቃጠል ያለፈ ጥቅም የለውም።

የጥቂት ወራት ሕፃን ራስ ላይ የሚታየው ቢጫ፣ የተጣበቀ ቅርፊትም የዚሁ ዘመድ ነው። ማታ በቫዝሊን አለስልሶ ጠዋት በለስላሳ ብሩሽና በሕፃን ሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ በወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። በጥፍር አይላጥ።

በልጅ ራስ ላይ ፀጉሩ የተሰበረበት ቅርፊታም ቦታ

ይህ ቆረቆር ነው፤ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደዚያ ይቆጠር። በሽተኞቹ በአብዛኛው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ናቸው። ቅርፊቱ አመድ ይመስላል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ የአንገት ጀርባ እጢዎች ያብጣሉ። በአገራችን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ፈንገስ ነው። የሚሄደውም በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በሻሽ፣ በትራስ እና ሳይጸዳ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው በሚዘዋወር ቶንዶስ ነው።

ወላጆች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ ቅባት ገዝተው ይቀባሉ፣ ቦታው ይሰፋል፣ ሌላ ቅባት ይገዛሉ። ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ የሚቀባ ነገር ብቻውን አይደርስበትም። የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሲዮፉልቪን በልጁ ክብደት ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ የበለጠ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ከራሱ ላይ የተከለከለው ቅቤ በፍርፍሩ ላይ ቢጨመር ጥሩ ነው። ተርቢናፊን ሌላው አማራጭ ነው። መድኃኒቱ ማሳከኩ ሲቆም ሳይሆን ሐኪሙ የወሰነው ጊዜ ሲያልቅ ነው የሚቆመው። ኬቶኮናዞል ሻምፑ በተጓዳኝ ቢጨመር ፈንገሱ ወደ ሌሎች እንዳይዛመት ያግዛል እንጂ አያድንም። እህትና ወንድሞቹም ይታዩ፤ ምልክት ሳይኖራቸው የሚያዛምቱ አሉ።

አንዳንዴ ቦታው ያብጥና መግል ይይዛል፤ እብጠት መስሏቸው በምላጭ የሚከፍቱ አሉ። ይህ ከሪዮን የሚባል የቆረቆር ብርቱ መልክ ነው። ሲዘገይ ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ስለሚተው ሳይነኩ ቶሎ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት የሚጀምር ማሳከክ

ነጩን ነገር በጣት ይግፉት። ከተራገፈ ቅርፊት ነው፤ ፀጉሩን ሙጭጭ ብሎ ከያዘ የቅማል እንቁላል ነው። የቅማል መድኃኒት የሆነው 1 በመቶ ፐርሜትሪን በታጠበ እርጥብ ፀጉር ላይ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፣ እንቁላሎቹ በዚያ መካከል ይፈለፈላሉና። በጥርሱ ደቃቅ በሆነ ማበጠሪያ መልቀም አይቀርም። ነጭ ጋዝና የተባይ መርጫ ራስ ላይ ማፍሰስ ግን ሰው ያቃጥላል፣ ይመርዛልም።

ከቀለም ወይም ከጥቁር ሂና በኋላ

በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ግንባር፣ ጆሮና የዐይን ቆብ አብጦ ውሃ ካዘለ አለርጂ ነው። ተጠርጣሪው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን የሚባለው የጥቁር ቀለም ኬሚካል ነው፤ ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ ከሂና ጋርም ይቀላቀላል። የሰርግ ሰሞን ይህ በብዛት ይገጥማል። በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀናት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ያስቆጣ ቀለም ሁለተኛ አይነካም። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት በፍጥነት ካበጠ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወፍራም፣ ብርማ ቅርፊት

ከፀጉሩ መስመር አልፎ ወደ ግንባር የሚወጣ፣ በክርንና በጉልበት ላይም ያለ፣ ጥፍርን በመርፌ እንደተወጋ የሚያነቁር ከሆነ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይተላለፍም። ሳሊሲሊክ አሲድ ቅርፊቱን ያለሰልሳል፤ ቀሪው የሐኪም ሥራ ነው።

ወደ ሐኪም መቼ?

ሻምፑው በትክክል ተሠርቶበት በ4 ሳምንት ካልተሻለ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ፣ ፀጉር ከረገፈ ይሂዱ። ፎረፎር በድንገት በርትቶ ፊትንና ደረትን ከሸፈነ የኤች አይ ቪ ምርመራም ይጠይቁ፤ የመከላከል አቅም መዳከም አንዳንዴ በዚህ ይገለጣል። ደሴ አጠገብ ያለውን ቦሩ ሜዳን የታሪክ ሰው በ1870 ዓ.ም. ጉባኤው ያውቀዋል፤ የወሎ ሕመምተኛ ግን በሆስፒታሉ የቆዳ ሕክምና ነው የሚያውቀው። ሲሄዱ ከራስዎ ቆዳ ከሚወሰደው ናሙና ፈንገስ እንዲገኝ በዚያ ጠዋት ምንም አይቀቡ። እስካሁን የተጠቀሙበትን ቅባት ሁሉ፣ ባዶ ቱቦውን ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።