ናያቢንጊ በሠርግ ከበሮ

ናያቢንጊ የጃማይካ ራስ ተፈሪያን የጸሎት ዝማሬ ነው። በየዓመቱ ከሚመቱበት ቀናት አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ዓ.ም. ጃማይካ የገቡበት ሚያዝያ 13 ነው። ባሕር ዳር ላለ ቡድን አውጪና ተቀባይ አዲስ አይሆንበትም። የሚያስቸግረው ምቱ ነው፣ እጃችን ችክችካ ለምዷልና።

ሦስት ከበሮ አዘጋጁ። የሠርግ ከበሮ ይበቃል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ለዚህ አይነሳም። ትልቁ «ባስ» ይባላል፤ ሰፊውን ፊት ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ምቱት። መካከለኛው «ፈንዴ»፣ ትንሹ «ሪፒተር» ነው፤ ሁለቱም በእጅ ይመታሉ። ክረምት ላይ፣ በተለይ ማታ ሐይቁ ዳር ከተለማመዳችሁ፣ እርጥበቱ ቆዳውን ያረግበውና ድምፁ ይታፈናል። ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ፀሐይ ከሌለ ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት። መዳፋችሁ ላይ ለብ ካለ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቆዳው ይሰነጠቃል።

አሁን እስከ አራት ቁጠሩ። ባስ 1 ላይ ጠንከር፣ 3 ላይ ለስለስ ብሎ ይመታል። ፈንዴ 1 ላይ ሁለት ጊዜ «ዱም-ዱም» ብሎ 2ን በዝምታ ያሳልፋል፤ 3 ላይ «ዱም-ዱም»፣ 4 ላይ ዝም። ልክ እንደ ልብ ምት። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ዝምታ ላይ ነው። የእኛ እጅ ሦስተኛ «ዱም» ሊጨምርበት ይቸኩላል፤ ያኔ ምቱ ወደ እስክስታ ይዞራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከሁለተኛው ምት በኋላ መዳፉ ቆዳው ላይ ይረፍ። ሌላው ከመግባቱ በፊት ፈንዴ ብቻውን 10 ደቂቃ ይምታ፤ ለጀማሪ በስልክ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 70 ምት ላይ ደህና ነው።

ለልምምድ እንዲህ ያለ ስንኝ ያዙ፦

አውጪ፦ ዓባይ ከጣና ሲወጣ
ተቀባይ፦ መንገዱን ያውቃል

አውጪው በየዙሩ ስንኙን ይለውጣል፤ የተቀባዩ አይለወጥም። ተቀባይ 1 ላይ፣ ከባሱ ጋር እኩል ይገባል። አውጪው የመጨረሻዋን ፊደል ከጎተታት ግን ተቀባዩ መግቢያ ያጣና አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ አውጪው 3 ላይ ጨርሶ 4 ላይ ይተንፍስ። ተቀባዮች ከአምስት ባያንሱ ጥሩ ነው፤ ያለዚያ ባሱ ይውጣቸዋል።

ሪፒተር በመጨረሻ ይግባ። በነፃነት የሚጫወተው እሱ ብቻ ነው፤ ሁለት ሪፒተር ቢኖር እንኳ በተራ ነው። ድምፃውያኑ በሚተነፍሱበት ክፍተት ይብዛ፣ አውጪው አዲስ ስንኝ ሲያወጣ ይሳሳ።

ዝማሬው ሲሞቅ ሁሉም መፍጠን ይፈልጋል። ሠርግ ላይ ያምራል፤ እዚህ ግን ያበላሻል። ባስ መቺው ድምፃውያኑን ትቶ የፈንዴውን እጅ ይመልከት። ከፈጠነባችሁ ሪፒተሩ ይውጣ፣ ጭብጨባ ካለም ይቁም፣ ፈንዴውና ባሱ አራት ዙር ብቻቸውን መትተው ፍጥነቱን ከመለሱ በኋላ አውጪው እንደገና ያንሳ።