ክኒኑ በማን ሰዓት? የፓርኪንሰን ሕሙማንን ስንረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን በሚኖሩበት አንድ አሲስትድ ሊቪንግ መድኃኒት አዳይ ነኝ። በዚህ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ቤት ገብቶ ሀበሻ ሠራተኛ ማጣት ይከብዳል። አዲስ የሚገቡትን ልጆች ብዙ ጊዜ የማለማምዳቸው እኔ ነኝ። ጎበዞች ናቸው፤ ሽማግሌ ማክበርን ከቤታቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሲገጥማቸው ግን ያው ስህተት ይደገማል።

ደሜን የሚያፈላው ክኒን ማዘግየት ነው። «አንቺ ደግሞ፣ አርባ ደቂቃ ምን አላት?» ትለኛለች አንዷ። ለኮሌስትሮል ክኒን ምንም የላትም። በብዙ ቤቶች መድኃኒት ከተጻፈው ሰዓት አንድ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ እንደ ትክክል ይቆጠራል። ፓርኪንሰን ላይ ግን ይህ ልማድ ሰው ይጥላል። በሽታው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ይገድላል። እንቅስቃሴን የሚያቀላጥፈው ደግሞ ዶፓሚን ነው። ካርቢዶፓ ሌቮዶፓ፣ ብዙዎቻችን ሲነሜት የምንለው፣ የጎደለውን ይተካል፤ ግን ለጥቂት ሰዓት ብቻ። በሽታው በቆየ ቁጥር ያቺም ታጥራለች። ኃይሉ ሲያልቅ መብራት እንደ ሄደበት ቤት ነው። ቅድም ሲራመድ የነበረ ሰው ከወንበሩ መነሳት ያቅተዋል። ድምፁ ይጠፋል፤ መዋጥ ያስቸግረዋል። ያኔ ሮጣችሁ ብትሰጡትም ወዲያው አይበራም። ያለፈችውንና የአሁኗን ደርቦ መስጠት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ነርሷን መጥራት ነው።

እዚህ ላይ እኔም ጥፋት አለብኝ። አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩን። ክኒናቸው በፈረንጅ ሰዓት በ8፣ በ11፣ በ2 እና በ5 ነው። እስቲ ወደኛ ሰዓት መልሱት፦ 2፣ 5፣ 8፣ 11። ያው አራት ቁጥር! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሺፍት ስንቀያየር ባልደረባዬ ኮቷን እየለበሰች «የሁለት ሰዓቱን ሰጥቻለሁ» አለችኝ። እሷ በሀበሻ ሰዓት የጠዋቱን ማለቷ ነው። እኔ በፈረንጅ ሰዓት የከሰዓቱን መሰለኝ። ለካ ቀኑን ከልጃቸው ጋር ውጭ ውለው ገና መመለሳቸው ነው። መዝገቡን ገልጬ ባይ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አላየሁም። በኋላ ሳገኛቸው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ደርቀው ቆመዋል። ሰው ይጠራሉ፣ ድምፃቸው ግን አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሀበሾች እንኳ ስንረካከብ ሰዓት የምንናገረው በፈረንጅ ነው፤ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ሳይጨመርበት አልቀበልም። መዝገቡንም አያለሁ።

«አውቀው ነው» የሚለው ስህተት የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ጠዋት ሸሚዛቸውን ራሳቸው የቆለፉት ሰውዬ ቀትር ላይ ማንኪያ ማንሳት ሲያቅታቸው አንዷ ልጅ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ብላ ተረተችባቸው። በአማርኛ ስለሆነ አይሰሙም ብላ ነው። አልሰሙም፤ እኔ ሰማኋት። ልጄ፣ ሰውዬው አልተለወጡም፤ የክኒናቸው ኃይል ነው ያለቀው። ጠዋት የቻሉት ነገር ቀን ላይ ያቃታቸው ከሆነ ሰዓቱን ጽፈሽ ለነርሷ ንገሪ። ሐኪሙ የክኒኑን ሰዓት የሚያስተካክለው በእንዲህ ዓይነት ወሬ ነው።

ክኒኑን ከእንቁላልና ከሥጋ ጋር አብሮ ማቅረብም አለ። ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ስለሚሻማ መድኃኒቱ በደንብ ሳይገባ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ነው። ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ብስኩት ቢጤ ይቀምሳል። አንዲት እህት ደግሞ ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ ሲባል ሰምታ «ታዲያ ለአባባ ፉል ባበላቸውስ?» አለችኝ። አለበት፣ እውነት ነው። ግን በየሳህኑ ምን ያህል እንዳለ ማን ይለካዋል? ፉሉ ለቁርስ ይሁን፤ የክኒኑን ቦታ ግን አይተካም።

እግር ሲደርቅ ክንድ ይዞ መጎተት። እባካችሁ! በር ላይ፣ መዞሪያ ላይ፣ ጠባብ ቦታ ላይ እግራቸው ወለሉ ላይ የተሰፋ ያህል ይቆማል። ስትጎትቷቸው ላይኛው አካል ይመጣል፣ እግሩ ይቀራል፤ ተያይዞ መውደቅ ነው። ቁሙ። ጊዜ ስጧቸው። ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዲያዛውሩ ንገሯቸው። ከዚያ ቁጠሩላቸው፣ ወይም ወለሉ ላይ መስመር አሳይታችሁ «ይህችን ተሻገሩ» በሏቸው። በምት መራመድ የሚቀናቸው ብዙ ናቸው። አንድ የቀድሞ ወታደር የሆኑ አባት ነበሩን፣ የኛው አገር ሰው። በእንግሊዝኛ ብንቆጥር፣ በአማርኛ ብንቆጥር ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን በቀልድ «ግራ! ቀኝ! ግራ!» አልኳቸው። ኮሪደሩን ጨረሱት፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሰላምታ ሰጡኝ። እየተራመዱ ግን አታዋሯቸው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ ይከብዳቸዋል።

ከአልጋ ብድግ ማድረግ፦ የደም ግፊታቸው ስለሚወርድ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ።

«አይንቀጠቀጡም፣ ስለዚህ ደህና ናቸው» የሚለው የመሐመድ አሊ ጣጣ ይመስለኛል። ኃይሌና ፋጡማ ወርቅ ባመጡበት በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ እጁ እየተንቀጠቀጠ ችቦ ሲለኩስ ያየ ሰው በሽታውን በዚያ ነው የሚያውቀው። ጨርሶ የማይንቀጠቀጡ ታማሚዎች አሉ። ግትር ይላሉ፣ ይዘገያሉ። ፊታቸውም ይደርቃል። እኛ ደግሞ ፊት አንባቢዎች ነን፤ «ተቆጥተውኛል» ብለን ክፍላቸውን እንሸሻለን። አልተቆጡም። የፊት ጡንቻቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው። ጠይቋቸው፤ መልሱንም ጠብቁ።

ጉርሻ። አውቃለሁ፣ ከፍቅር ነው። ግን መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ላይ ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው፤ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው የሳንባ ምች ከዋና ገዳዮቻቸው አንዱ ነው። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ትንሽ ትንሽ ይቅመሱ፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተል። ሲበሉ ካሳሉ ወይም ድምፃቸው ውኃ ውኃ ካለ ሪፖርት አድርጉ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ አዲሱን የመድኃኒት ዝርዝር ሳያዩ መቀበልም አለ። ለአእምሮ መታወክ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ወይም ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ እዚያ ላይ ካያችሁ፣ ሳትሰጡ በፊት ነርሷ ጋ። ሁለቱም ያችኑ ዶፓሚን ነው የሚዘጉት።

የገላ መታጠቢያ ሰዓትን ለኛ እንዲመች ማድረግ ደግሞ የሁላችንም ነው። ክኒኑ ሳይሠራ አጥበን አልብሰን «አስቸጋሪ ናቸው» እንላለን። ክኒኑ ሲይዛቸው ብትጠብቁ ግማሹን ራሳቸው ይታጠባሉ። ባለፈው ሳምንት ለአንዷ አዲስ ልጅ ይህንኑ ስነግራት «ከሁለት ሰዓቱ ክኒን በኋላ እጠቢያቸው» አልኳት።

«በየትኛው ሰዓት፣ እትዬ?» አለችኝ።