የተሰረዘው መስመር እንዲታያችሁ

ጎንደር ውስጥ ሠዓሊ ቤት ገብታችሁ የቅዱስ ጊዮርጊስ የእርሳስ ንድፍ ካጋጠማችሁ፣ ከፊት ለፊት ብቻ አይታችሁ አትለፉት። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከወረቀቱ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። የተሰረዘው ሁሉ ብቅ ይላል። ላጲስ ጥቁረቱን ያነሳል እንጂ እርሳሱ ተጭኖ ያሰረጎደውን አያቃናም፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ስርጉዱ ጥላ ይይዛል።

እኔ ባየሁት ላይ ጦሩ ሦስት ቦታ ተሞክሯል፣ የፈረሱ አንገት ሁለቴ። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ግን አንዴ ብቻ! እጁ ለምዷቸዋል መሰለኝ።

በስሱ የተሣለ ወይም መስታወት የገባ ከሆነ አትድከሙ፣ ምንም አይታይም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ደግሞ በገዛ ፈቃዳችሁ መብራት እንዳታበሩ፤ ቀድማችሁ ካህናቱን ጠይቁ።